የተዋሱት ደረት

«ይህን ሁሉ ዘመን ሳንባው እንደዚያ መሆኑን ትንፍሽ አላለም። አታለለን እኮ» አለች ሙሉእመቤት ከግድግዳው ወዲያ። ጽጌማርያም ጓዳ ውስጥ በርጩማ ላይ ተቀምጣ ምስር ትለቅም ነበር። ግድግዳው የጭቃ ነው። በሳሎኑ በኩል አረንጓዴ ቀለም ተቀብቷል፣ በጓዳው በኩል እንዳለ ቀርቷል፤ ድምፅ ግን ለሁለቱም ወገን ያሳልፋል። ባሏ ሞቶ ከአንድ ልጇ ጋር እኅቷ ቤት ከተጠጋች ወዲህ የዚህን ቤት ምሥጢር ሁሉ የሰማችው በዚህ ግድግዳ ነው። ፊት ለፊት የሚነገራት የገበያው ጉዳይ ብቻ ነበር፤ ሽንኩርት ስንት ገባ፣ ቅቤ ስንት ገባ፣ ለምን በዚህ ዋጋ ገዛሽ። እጇን ምስሩ ላይ አቁማ አዳመጠች። ሳንባው ታሟል የተባለው ሰው ጭሰኛው ጅግሶ መሆኑን፣ ጅግሶ ራሱ ግን ገና አለማወቁን ወዲያው ተረዳች።

ቤቱ የግራዝማች ተክለማርያም ነው። ዲላ ላይ ከሞያሌው መንገድ ዳር የቆመ ሰፊ ባለ ቆርቆሮ ቤት ነው። ግራዝማች ኢዲዶ ላይ ከአባታቸው የወረሱት የቡና መሬት አላቸው። ጭሰኛው ሚችሌ ላይ በባለርስቶች ላይ ከተነሣ ወዲህ ግን ገጠር ማደር ትተዋል፤ ቡናው ወደ እሳቸው ይመጣል እንጂ እሳቸው ወደ ቡናው አይሄዱም። ሙሉእመቤት ሚስታቸው ናት፣ የጽጌማርያም ታላቅ እኅት። አንድ ወንድ ልጅ አላቸው፤ ደመላሽ ይባላል። ነገሩ በሆነበት በ1963 ዓ.ም. ኅዳር ላይ ሃያ ሰባት ዓመቱ ነበር። የአሥራ ሁለተኛ ክፍልን ፈተና ደጋግሞ ከወደቀ ወዲህ ሥራው ውጭ አገር መሄድ ነው። እስካሁን አልሄደም፤ ሥራው ግን እሱው ነው።

መጀመሪያ በትምህርት ቪዛ ሊሄድ አሰበ። የጻፈላቸው ትምህርት ቤቶች ሁሉ የፈተና ውጤት ጠየቁት፤ ያ መንገድ በዚያው ቀረ። ቀጥሎ ምጽዋ ወርዶ በግሪክ መርከብ ሊቀጠርና መርከቡ ከደረሰበት አገር ሊቀር ቆረጠ፤ መርከብ ላይ የሚቀጠር ሰው ወለል እንደሚወለውል ሲነገረው ተወው። ከዚያ አባቱ ዲላ ላይ ቡና የሚገዛ አንድ ግሪክ ዘንድ ሽማግሌ ላኩ፤ ግሪኩ የእኅቱን ልጅ እንዲድርለትና ደመላሽ በሚስቱ በኩል ቪዛ እንዲያገኝ ነው። ግሪኩ ሽማግሌዎቹን ኮኛክ አጠጥቶ፣ ስለ ቡና ዋጋ አጫውቶ ሸኛቸው። በመጨረሻ ካናዳ የሚባል አገር ሰው በነጥብ እንደሚቀበል ተሰማ፤ ለዕድሜ ይህን ያህል ነጥብ፣ ለቋንቋ ይህን ያህል፣ ለሙያ ይህን ያህል። በሙያው ላይ የቡና ቅምሻ ዐዋቂ ተብሎ ተሞላለት። በእርግጥም ቡና ይጠጣል። ፓስፖርት ለማውጣት ዋስ፣ ከአገር ለመውጣት ፈቃድ፣ ለፈቃዱ ደግሞ ሌላ ዋስ ያስፈልግ ነበርና ግራዝማች ዘመዶቻቸውን በልመናና በማር ዋስ አደረጉ። ሁሉም ካለቀ በኋላ የጤና ምርመራው ቀረ።

ደመላሽ በልጅነቱ የሳንባ ምች ታሞ ድኗል። አሁን ሲጋራ ያጨሳል። አዲስ አበባ ቡና ቤት ውስጥ የተዋወቀው አንድ ጉዳይ ዐዋቂ ነኝ ባይ፣ ካናዳ ሳንባ ላይ የጭረት ምልክት እንኳ ካየ ሰው አያስገባም ብሎ አስፈራራው። ደመላሽ ለእናቱ ነገራት፤ እናቱ አለቀሰች፤ ግራዝማችም ሲቸግራቸው ዘወትር የሚያደርጉትን አደረጉ፤ ከጭሰኛ ወሰዱ። ሐኪሙ የቀረውን አካል ራሱን ደመላሽን እንደሚመረምር፣ የሳንባው ራጅ ግን ሌላ ቤት ስም እየተጠራ እንደሚነሣ አጣርተው ነበር። ኢዲዶ ላይ ካሉት ጭሰኞች የማን ደረት እንደሚሻል ለመምረጥ ብዙ አልደከሙም። ኩንታል ቡና ተሸክሞ ያንን አቀበት ሳያርፍ የሚወጣው ጅግሶ ነው። ዕድሜውም ቁመቱም ከደመላሽ ብዙ አይርቅም። ጀርባው እንዲህ የጠና ሰው ሳንባው ብረት ነው ብለው ፈረዱ። እንዲህ የፈረዱት የተሸከመውን ጭነት እንጂ ሰውየውን አይተውት ስለማያውቁ ነው።

«ለልጄ ጉዳይ ፎቶ ትነሣለህ» አሉት።

«እሱ ራሱ አይነሣም?» ብሎ ጠየቀ ጅግሶ።

«ሥራ በዝቶበታል።»

የደመላሽን ኮትና ጫማ አልብሰው በአውቶቡስ ወሰዱት። «ደመላሽ ተክለማርያም» ሲባል «አቤት» ማለትን እስከ ሻሸመኔ ሲማር ሄደ። ተነሥቶ ተመለሰ፤ ኮቱን አውልቆ ለቀማው ውስጥ ገባ። ደመላሽ ውጤቱን ሊጠብቅ አዲስ አበባ ቀረ። ትናንት ማታ ይዞት የመጣው ውጤት ይህ ነው፤ በደመላሽ ተክለማርያም ስም የተነሣው ሳንባ ነቀርሳ አለበት። ሐኪሙ መድኃኒት ሰጥቶት፣ ዓመት ሙሉ እየዋጠ ቆይቶ ሌላ ራጅ እንዲነሣ አዝዞታል። ድኖ ከተገኘ ጉዳዩ ይቀጥላል፤ ካልሆነ ይዘጋል።

«ለጅግሶ እንንገረው ወይ?» አሉ ግራዝማች ከግድግዳው ወዲያ።

«ምን ነክቶዎታል? ከነገርነው ሚሲዮኑ ክሊኒክ ይሄዳል። እዚያ ሲጠይቁት አዲስ አበባ ተነሥቻለሁ ይላል። ፈረንጅ ደግሞ ለፈረንጅ ይነግራል። አለቀ፤ ልጄ ቀረ።»

«እስከ መቼ ነው ታዲያ የማንነግረው?»

«ልጁ እስኪሄድ ነዋ።»

«ዓመት ነው እኮ የተባለው።»

«ዓመት ይሆናላ» አለች ሙሉእመቤት። ስኒ ሲቀመጥ ተሰማ። ከዚያ በኋላ ስለ ጅግሶ የተናገረ የለም።

ጽጌማርያም ምስሩን አስቀምጣ ተነሣች። ጅግሶ አዲስ አበባ ሊሄድ ሲል ያደረው ከጓሮ ባለችው ክፍል፣ እሷና ጎረምሳ ልጇ ታረቀኝ በሚተኙበት ነበር። የጠጣበትን ጣሳ ከመደርደሪያው አወረደች፤ በአመድ ፈተገችው፣ በፈላ ውኃ ዘፈዘፈችው፣ ደግማ ፈተገችው። ከዚያ ከአጥር ውጭ ጣለችው። ታረቀኝ ጠዋት ወደ ትምህርት ቤት ሲወጣ አስሎ እንደ ነበር ለማስታወስ ሞከረች፤ አላሳለም። እግዚአብሔርን አመሰገነች። ስለ ጅግሶ ያሰበችው ጣሳውን ከጣለች በኋላ ነው። ያሰበችውም ብዙ አልነበረም። ደመላሽ ካናዳ ከገባ ታረቀኝን ይስበዋል ተብሎ ቃል ተገብቶላታል፤ ያንን ቃል ይዛ ነው የዚህን ቤት ወለል ስታጥብ የኖረችው። ብትነግረው ጅግሶ ይድን ይሆናል፤ የታረቀኝ ነገር ግን ይጠፋል። ስለዚህ ላለመናገር ወሰነች፤ ውሳኔውም ያን ያህል አልከበዳትም።

ረፋዱ ላይ ጅግሶ መጣ። ቡናውን ከይርጋጨፌ በጭነት መኪና አምጥቶ፣ ከመንገድ ዳር እስከ ግቢው እየተሸከመ አስገባ። የመጨረሻውን ጆንያ አውርዶ በጎተራው ግድግዳ ተደገፈ፤ አሳለው። ጽጌማርያም ከጓዳው በር ላይ ሆና አየችው። ሳሉ ረጅም አልነበረም፤ ሲጨርስ ግን አፉን በክንዱ ጠርጎ ክንዱን ተመለከተው። ይህ ሰው አማርኛን ከገበያና ከጌታው ግቢ ነው የለመደው፤ አንተና አንቺን መለየት ጉዳዩ አይደለም።

«እትዬ፣ ደህና ነህ ወይ?» አላት።

«እግዚአብሔር ይመስገን። አንተስ ደህና ነህ?»

«እኔ ደህና ነው። ሳል ትንሽ አለ፣ ሌሊት ሌሊት። ላብም አለ። ለቀማ ነው፣ ብርድ ነው።»

«ሚስትህስ?»

«እሱም ደህና ነው። ሕፃኑ ግን እንደ እኔ ይስላል።» ፈገግ አለ። «ጌታ ደመላሽ መጣ አሉ። ያ ካናዳ የኔን ደረት አየው? ምን አለ?»

«እኔ ምን ዐውቄ።»

«ወዶኝ ቢሆን እኔ ነበር የምሄደው። እሱ ቡና ይለቅም።» በራሱ ቀልድ ሳቀ፤ ሳቁ ሳል ሆነ። ጽጌማርያም ቆሎ በሳህን አምጥታ ከእጁ ሳትደርስ መሬት ላይ አስቀመጠችለት። እሱም ይህን አስተዋለ መሰለኝ፤ ቆሎውን ሲያነሣ ቀና ብሎ አያት።

በዚህ መካከል ሙሉእመቤት ጠራቻት። መኝታ ቤቱ ውስጥ አልጋው ላይ ኪኒን የሞላባቸው ቡናማ ጠርሙሶች ተደርድረዋል። ሐኪሙ ለደመላሽ የሰጠው የጅግሶ መድኃኒት ነው። «ኪኒኑን ሽንት ቤት ድፊው። ጠርሙሶቹን ግን አጥበሽ አምጪ» አለቻት። «ደመላሽ ሌላ ሊቀበል ሲሄድ ባዶውን ማሳየት አለበት። ሐኪሙ ተጠራጣሪ ነው።» ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ምን እንደሆነ አትጠይቂኝ።» ጽጌማርያም አልጠየቀችም። ደመላሽ ከመስኮቱ አጠገብ ቆሞ በመስታወት ጢሙን እየተላጨ ነበር። አክስቱ የሱን መዳን በሻሽ ጠቅልላ ስትወጣ ዞር ብሎ አላየም። የሱ ሳንባ ምን እንደሚመስል እስካሁን የሚያውቅ ሰው የለም፤ ማንም አላነሣውም።

ሽንት ቤቱ ከግቢው ጫፍ፣ ከእንሰቱ ጀርባ ነው። እዚያ ቆማ አንዱን ጠርሙስ ከፍታ ኪኒኑን እጇ ላይ ገለበጠች። ነጭ፣ ትንንሽ፣ አንድ ዓይነት ነው። መድኃኒት ቤት ሄዳ ለራስ ምታት የሚሆን አንድ ፍሬ ለመግዛት ስንት ጊዜ ሳንቲም አጥታ እንደተመለሰች ታውቃለች። ከድንጋዩ በታች ዝንቡ ይጮኻል። ልድፋው አለች፤ እጇ እምቢ አላት። ርኅራኄ እንዳይመስላችሁ፤ ገንዘብ የወጣበትን ነገር መድፋት አልለመደችም። ኪኒኑን ሁሉ በጨርቅ ቋጥራ መቀነቷ ውስጥ ከተተችው። ጠርሙሶቹን ሳታጥብ እዚያው በእንሰት ቅጠል ከድና ተመለሰች። በጓሮው ስታልፍ ጅግሶ እንጨት እየፈለጠ ነበር። ማንም ፍለጥ አላለውም፤ ሥራ ፈትቶ መቆም ስለማይፈቀድ ነው።

ምሳ ቀረበ። ሦስቱ ጠረጴዛ ከበቡ፤ ጽጌማርያም ወጥ እየጨመረች በሩ አጠገብ ተቀመጠች። ጨዋታው ስለ ካናዳ ነበር። በዚህ ቤት ስለ ካናዳ እንደሚወራው ስለ ዲላ ተወርቶ አያውቅም። ደመላሽ በረዶው ከመስከረም ተነሥቶ እስከ ሚያዝያ እንደሚቆይ፣ ቤት ውስጥ ግን ሙቀት በቧንቧ እንደሚመጣ አስረዳ። ሙሉእመቤት ዕንቁላል ስንት እንደሆነ ጠየቀች። በደርዘን እንደሚሸጥ ነገራት። «አንድ አንድ አይሸጡም?» ብላ ተገረመች። ግራዝማች የአሽከር ደመወዝ ጠየቁ።

«አሽከር የለም፣ አባባ። ሰው ሳህኑን ራሱ ያጥባል።»

ግራዝማች ጉርሻቸውን አቆሙ። «ሀብታሙም?»

«ሀብታሙም።»

«ምን ሊሆነው ሀብታም ሆነ ታዲያ» አሉ፤ ሳህናቸውንም ገፋ አደረጉት፤ ጽጌማርያም ተነሥታ አነሣችው። በዚያው እጃቸውን እያስታጠበቻቸው ሳለ «ታረቀኝ እንዴት ነው? ጤናው ደህና ነው?» አሏት። ስለ ልጇ ጤና ጠይቀዋት አያውቁም። ውኃውን እያፈሰሰች «ደህና ነው፣ ግራዝማች» አለች። «ደረቱን አሞት አያውቅም?» «አያውቅም።» ሙሉእመቤት ፈጥና ገባችበት። «ለዓመቱ እንግዲህ ለወንድሙ አንድ ነገር ይረዳዋል። ትንሽ ነገር ነው፤ ፎቶ ነው። ደመላሽም ያኔ አይረሳውም።» ደመላሽ ራሱን ነቀነቀ። ጽጌማርያም ማስታጠቢያውን አስቀመጠች። ጠዋት ስለ ጅግሶ ስትሰማ ያልተነሣባት ቁጣ አሁን ተነሣ። ልጇ የዛሬ ዓመት ኮት ተደርቦለት፣ በሰው ስም «አቤት» እያለ፣ ከነቀርሳ ሰው ጋር በአንድ መዝገብ ሲገባ ታያት። ለመቆጣት ግን አቅም የላትም። ለመጠየቅ ብቻ አላት።

«ያ ሐኪም» አለች «የፊተኛውን ፎቶ ጥሎታል ወይስ አስቀምጦታል?»

«አስቀምጦታል እንጂ» አለ ደመላሽ። «መብራት ላይ ሰቅሎ አሳየኝ። በቀኝ በኩል፣ ከላይ፣ ስሙኒ የሚያህል ቀዳዳ አለ። ለዓመት የምናየው ይህንን ነው፣ ቢደፈንም ምልክቱ እዚያው ይታያል አለኝ።»

«ታረቀኝ እዚያ ላይ ምልክት የለውም» አለች ጽጌማርያም፤ ሳህኖቹንም ደራርባ አነሣች።

ነገሩን መጀመሪያ የተረዱት ግራዝማች ናቸው፤ የመሬት ክርክር የለመዱ ናቸውና ድንበር እንደሚለካካ ያውቃሉ። ሐኪሙ ሁለቱን ፎቶ ጎን ለጎን ይሰቅላል። ሌላ ደረት ቢያቀርቡለት ሌላ ሰው መሆኑን ያያል። ሌላ ሐኪም ጋ ቢኬድስ አሉ፤ ኤምባሲው የሚቀበለው እሱን ነው አለ ደመላሽ። እውነቱን ተናግሮ የራሱን ደረት ቢያሳይስ አሉ፤ ያታለለን ሰው ለሁልጊዜው ነው የሚሰርዙት፣ ዋስ የሆኑትም ይጠየቃሉ አለ። ሙሉእመቤት እጇን ጉንጯ ላይ አድርጋ ቆየች። ልጇ ካናዳ የሚገባው የጅግሶ ቀዳዳ ሲደፈን ብቻ እንደሆነ ገባት።

«እንግዲያስ ይዳና» አለች። ያለችው በንዴት ነው፤ ሰውየው እስካሁን ባለመዳኑ ጥፋተኛ ይመስል። «ወተት ይጠጣ። ዕንቁላል ይብላ። ሸክም ይቅርበት። ኪኒኑን ይዋጥ።» ድንገት ወደ ጽጌማርያም ዞረች። «ደፋሽው እንዴ?»

«ገና ነኝ።»

«እግዚአብሔር ይስጥሽ» አለች ሙሉእመቤት። ከእኅቷ አፍ ምርቃት የሰማችው ከባሏ ቀብር ወዲህ ያን ቀን ነው። ግራዝማች ለሰውየው ይነገረው ወይ ብለው ደግመው ጠየቁ። ሙሉእመቤት ቆጣ አለች። «ምን ሲባል? ካወቀ ዋጋ ይጠይቃል። ዝም ብሎ ይብላ፣ ዝም ብሎ ይዋጥ።»

ከሰዓት በኋላ በዚያ ግቢ ታይቶ የማይታወቅ ነገር ታየ። ሙሉእመቤት በገዛ እጇ ወተት አፈላች። የእንግዳ ክፍሉ ተጠረገ፤ አልጋው ላይ አዲስ አንሶላ ተነጠፈ። ግራዝማች ከዘራቸውን ይዘው ወደ ጓሮ ወጡ። መጥረቢያውን እንዲያስቀምጥ አዘዙት። «ጅግሶ፣ ከዛሬ ጀምሮ እዚሁ ትቀመጣለህ። ሥራ አትሠራም። ትበላለህ፣ ትተኛለህ» አሉት። ጅግሶ ፊታቸውን አየ። «ለምን፣ ጌታዬ?» «ለፍተሃል። ዕረፍት ይገባሃል።» ሙሉእመቤት ወተቱን በብርጭቆ አምጥታ «ጠጣ፣ ልጄ» አለችው።

ሰውየው የተናገሩትን ሁሉ ተረድቷል፤ ችግሩም እሱ ነበር። ኢዲዶ ላይ ጌታ ጭሰኛውን ዕረፍ ብሎት የሚያበላው መቼ እንደሆነ ያውቃል። አምና ጎረቤቱን ይርጉን እንዲሁ ዲላ አስጠርተው፣ ሥጋ አብልተው፣ ጠጅ አጠጥተው አቆዩት። ሲመለስ ማሳው ታጥሮ፣ ሌላ ሰው ቡናውን ሲለቅም አገኘ። ሚስቱና ልጆቹ ከነዕቃቸው መንገድ ዳር ተቀምጠው ነበር። ያጠረው ሰው የግራዝማች የክርስትና ልጅ ነው። ጅግሶ ብርጭቆውን በሁለት እጁ ተቀብሎ አመሰገነ። ሙሉእመቤት ዞር ስትል ግንዱ ላይ አስቀመጠው። ጥቂት ቆይተው ሲፈልጉት የጓሮው በር ተከፍቷል፤ ወተቱ አንዲት ዝንብ ገብታበት እንደተሞላ ነው።

ግራዝማች በነጠላ ጫማ ሮጡ። በዋናው መንገድ ላይ፣ በልብስ ሰፊዎቹና በሀጅራ ሱቅ ፊት፣ ከተማው እያያቸው ነው የሮጡት፤ ሙሉእመቤትም ነጠላዋን እየጎተተች ከኋላቸው፣ ጽጌማርያም ከሁለቱ ኋላ። ደመላሽ አልመጣም፤ ፀጉሩ እርጥብ ነበር። ወደ ይርጋጨፌ የሚሄደው የጭነት መኪና ሞተሩን አስነሥቶ ሰው ይጠብቃል። ጅግሶ ከጨው ጆንያ ላይ ተቀምጦ ገመዱን ይዟል።

«ውረድ» አሉት ግራዝማች እያለከለኩ።

«ለቀማ አለ፣ ጌታዬ። ዝናብ ይመጣል።»

«ለቀማውን ሌላ ሰው ይለቅማል።»

ይህ መባል ያልነበረበት ነገር ነው። ጅግሶ ገመዱን በእጁ ላይ ጠመጠመው። ግራዝማች መሬትህን አልነካም ብለው በአባታቸው አጥንት ማሉ፤ በቅዱስ ጊዮርጊስ ማሉ። በማሉ ቁጥር ሰውየው ወደ ጆንያው ጠጋ ይላል፤ ለይርጉም ምለውለት ነበር። ሙሉእመቤት «ልጄ፣ አንጀቴ፣ ወተቱን እንኳ ጠጥተህ ሂድ» ብላ ስትለምነው ጆንያው ላይ ያሉት ተሳፋሪዎች ተያዩ። አንዲት ሽንኩርት ነጋዴ «ምን ሰርቆባቸው ነው የሚለምኑት?» አለች። ረዳቱ ሂሳብ መቀበል ጀመረ።

ጽጌማርያም ታረቀኝን ቀድሞውኑ አድናለች። ለእሷ ቀኑ ምሳ ላይ አልቋል። መኪናው ቢሄድ የሚቀርባት የካናዳ ወሬ ነው፤ እሱንም ከምሳው ወዲህ አታምነውም። ሕፃኑም እንደሚስል ግን ሰምታለች፤ ጠዋት የሰማችው ያ ነገር አሁን እንደ ጥርስ ሕመም ይነዘንዛት ጀመር። በጎማው ላይ ወጥታ የመኪናውን ጎን ይዛ ቆመች፤ ከመቀነቷ ቋጠሮውን አወጣች።

«ጅግሶ፣ ያ ፎቶ የተነሣው ሳንባህ ነው። ታሟል። ነቀርሳ ነው። መድኃኒቱ ይኸው።»

«ጽጌ» አለች ሙሉእመቤት ከታች።

ጅግሶ ቋጠሮውን አየ፤ አልተቀበለም። «መቼ ዐወቁ?»

«ትናንት ማታ።»

«አንተስ?»

«ጠዋት።»

«ጠዋት» አለ ጅግሶ። «ጠዋት ደህና ነህ ብለህ ጠየቅኸኝ።»

ከዚያ ለምን ዛሬ ወተት እንደሚያጠጡት ጠየቃት። ነገረችው፤ ለዓመት ሁለተኛው ፎቶ እንደሚነሣ፣ ያው ደረት ድኖ መገኘት እንዳለበት፣ አለዚያ ደመላሽ እንደማይሄድ። ቀስ ብላ ነው የነገረችው፤ እሱ ግን በጨዋታ መካከል እንዳለ ሰው እየደጋገመ «እሺ፣ እሺ» ይል ነበር። ስትጨርስ ሳቀ። እስኪያስለው ሳቀ፤ ተሳፋሪዎቹም ሳሉን ሲሰሙ ራቅ ራቅ አሉለት። ረዳቱን «ቆይልኝ፣ ወራጅ አለ» ብሎ ከጆንያው ላይ ወረደ። ከግራዝማች ፊት ፊት ሆኖ ወደ ግቢያቸው ሄደ። እነሱ ተከተሉት።

ሳሎኑ ውስጥ ማንም ሳይጋብዘው የእንግዳ ወንበር ላይ ተቀመጠ። ከዚህ በፊት በዚያ ክፍል የገባው ጆንያ ለማስቀመጥ ነው። እግሩ ላይ ያለው ጭቃ ምንጣፉ ላይ ታተመ። ሙሉእመቤት ጭቃውን አየች፤ አፏን ከፈተች፤ ዘጋችው።

«ሚስቴ ይመጣል» አለ ጅግሶ። «ልጆቹም ይመጣል። ሁሉም ክሊኒክ ይታያል። እኔም ክሊኒክ እታያለሁ፤ ኪኒን እንዴት እንደሚዋጥ እሱ ይንገረኝ።»

«ክሊኒክ አይሆንም» አሉ ግራዝማች። «እዚያ ወሬው…»

«እንግዲያው ፎቶም አይሆንም።»

ግራዝማች ሚስታቸውን አዩ፤ ሚስታቸው ወለሉን አየች። «በስምህ ነው የምትታየው። ስለ አዲስ አበባ አፍህን አትከፍትም» አሉ።

«አልከፍትም። የዘንድሮ ቡና የኔ ነው። ወንድሜ ይለቅማል። ማሳው ያው የኔ ነው፤ ሽማግሌ ይጠራ፣ ፊቱ ይባል።»

«አባባ፣ ይህ ሰው አበዛው እኮ» አለ ደመላሽ ከበሩ ላይ።

«አንተ ዝም በል» አሉ ግራዝማች። «ሳንባ ያለው እሱ ነው።»

ውጭው መምሸት ጀምሯል፤ ታረቀኝ ከትምህርት ቤት ገብቶ ከጓዳው በኩል እናቱን ሲጠራ ተሰማ። ሙሉእመቤት በጽጌማርያም አጠገብ ስታልፍ «ልጅሽን እንግዲህ ራስሽ ላኪው» አለቻት፤ ይህን ስትል አላየቻትም። ጽጌማርያም ቋጠሮውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። ጅግሶ ፈታው፤ አንዷን ፍሬ አንሥቶ በጣቶቹ መካከል አገላበጣት፤ መልሶ ከሌሎቹ ጋር ቀላቀላት፤ ከክሊኒክ በፊት አይውጣትም። ሙሉእመቤት አዲስ ወተት አፍልታ፣ ለጳጳስ በሚወጣው ብርጭቆ አድርጋ፣ በሰሐን ይዛ መጣች። በሁለት እጇ አቀረበችለት። ጎንበስ ማለቷን ራሷም ያወቀችው ከሰጠችው በኋላ ነው።

ጅግሶ ተቀብሎ ፉት አለ።

«ስኳር የለውም» አለ።

ሙሉእመቤት ከመቀነቷ ላይ የቁም ሣጥኑን ቁልፍ ፈታች።